የኤሌክትሪክ መኪና ማሞቂያና ማቀዝቀዣ በጉዞ ርቀት ላይ ያለው ተጽዕኖ

በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው (በተለምዶ «ሂተር» እና «ኤሲ» የሚባሉት) ኃይላቸውን የሚያገኙት መኪናውን ከሚያንቀሳቅሰው ከዚያው ባትሪ ነው። ስለዚህ ሲበሩ መኪናው በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት ይቀንሳል። ቅነሳውን የሚወስኑት የውጭው አየር ሙቀት፣ የመኪናው ፍጥነት፣ የጉዞው ርዝመት እና የማሞቂያው ዓይነት ናቸው። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች በብርዱ ወራት ርቀቱ ከሲሶ በላይ ሊያጥር ይችላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ ግን ጉዳቱ ያነሰ፣ መልኩም የተለየ ነው፤ እዚህ ከብርዱና ከሙቀቱ ይበልጥ ባትሪ የሚበሉት የመንገድ መጨናነቅ እና የክረምት ዝናብ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌ የተወሰደው በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚገኘው የኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ነው። ክፍለ ከተማው ጠዋት ጠዋት ነዋሪው በጦር ኃይሎች በኩል ወደ መሃል ከተማ የሚጎርፍበት፣ በአየር ጤና በኩል ደግሞ ወደ ሰበታና ወደ ጅማ የሚወጣበት ስለሆነ፣ ቀርፋፋውን የከተማ ጉዞና ረጅሙን የአገር አቋራጭ ጉዞ ጎን ለጎን ለማየት ያመቻል።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ

በ2012 ዓ.ም. የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ድርጅት የሆነው ማራቶን ሞተር ሃዩንዳይ አዮኒክ የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና በአገር ውስጥ ገጣጥሞ ሲያቀርብ፣ ለብዙ ሰው ነገሩ ከመነጋገሪያነት አላለፈም ነበር። ሁኔታው የተለወጠው ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቁ። ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር። አገሪቱ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው የምታገኘው ከውኃ ኃይል በመሆኑ ነዳጅ ከውጭ ከመግዛት የራስን መብራት መጠቀም ይሻላል የሚል ነው ሐሳቡ።

ከዚያ በኋላ የገቡት መኪናዎች ብዙዎቹ በቻይና የተሠሩ ናቸው፤ ቢዋይዲ፣ ቻንጋን፣ በቻይና የሚመረቱት የቮልስዋገን አይዲ ሞዴሎች እና ሌሎችም በከተማው መንገድ ይታያሉ። ባለቤቶቻቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጠይቁት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ «400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለው መኪና ኤሲ ስከፍት ለምን ቁጥሩ ወረደ?»

ጥያቄው በነዳጅ መኪና ዘመን ለምን አልተነሣም?

አንድ ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይዟል። 50 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ መኪናው ከ440 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና ግን 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ቢኖረው፣ የተሸከመው ኃይል ከአራት ሊትር ተኩል ቤንዚን አይበልጥም። በዚህች ሩቅ የሚሄደው ሞተሩ ቆጣቢ ስለሆነ ነው። የነዳጅ ሞተር ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ከሩብ እስከ ሲሶ ብቻ ሲሆን ሌላው ሙቀት ሆኖ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይባክናል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከሚቀበለው 90 በመቶ ገደማውን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል።

ነገር ግን ያ የነዳጅ ሞተር ብክነት ለተሳፋሪው አንድ ጥቅም ነበረው፤ ማሞቂያው በነጻ ነበር። ከሞተሩ የሚወጣው ሙቅ ውኃ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፣ ማራገቢያው አየሩን ይነፋዋል፣ መኪናው ይሞቃል። በሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ለሩሲያ ብርድ ታስቦ የተሠራው ማሞቂያ በአዲስ አበባ እግር እስኪያቃጥል ድረስ ይሠራ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ብክነቱ ትንሽ ስለሆነ ይህን የሚያህል ሙቀት አይተርፈውም። ሙቀቱ ከባትሪ ተገዝቶ መምጣት አለበት።

ማቀዝቀዣው እንዴት ይሠራል?

ኤሲ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከመኪናው ውስጥ አንሥቶ ውጭ ይጥላል። ኮምፕረሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ጋዙ ይሞቃል። ከመኪናው ፊት ባለው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ከዚያም በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ዳሽቦርዱ ውስጥ ባለው ኢቫፖሬተር ሲደርስ ግፊቱ ይወርድና ይተናል፤ በሚተንበት ጊዜ ከተሳፋሪው አየር ላይ ሙቀት ይወስዳል። በነዳጅ መኪና ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ቺንጋ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ኮምፕረሰሩ የራሱ ሞተር ያለው ሲሆን በቀጥታ ከዋናው ባትሪ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይሠራል። ስለዚህ መኪናው ቆሞም ቢሆን ኤሲው ሙሉ አቅሙን ይሰጣል።

ሙቀትን ማዛወር ሙቀትን ከመፍጠር ይቀላል። በአንድ ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ዋት ሙቀት ከመኪና ማውጣት ይቻላል። ለዚህም ነው በፀሐይ የጋለ መኪና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ2 እስከ 4 ኪሎ ዋት ቢወስድም፣ አንዴ ከቀዘቀዘ በኋላ በአንድ ኪሎ ዋት ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ኃይል ቅዝቃዜው ተጠብቆ የሚቆየው።

ሁለቱ የማሞቂያ ዓይነቶች

ርካሹ ዓይነት ፒቲሲ ይባላል። እንደ ምድጃ ነው፤ ኤሌክትሪክ በሴራሚክ ውስጥ ሲያልፍ ሴራሚኩ ይግላል። ሴራሚኩ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ራሱ ስለሚቀንስ ከልክ በላይ ግሎ እሳት አያስነሣም። ጉድለቱ ቁጠባ የሌለው መሆኑ ነው፤ አንድ ኪሎ ዋት ሙቀት ለማግኘት አንድ ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ ይበላል።

ሁለተኛው ሂት ፓምፕ ነው። ይህ ኤሲው ተገልብጦ ማለት ነው፤ ከውጭው አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ውስጥ ያስገባል። የ8 ዲግሪ አየር ለእጃችን ቀዝቃዛ ቢሆንም ከእሱ ይበልጥ ለቀዘቀዘ ጋዝ ግን የሙቀት ምንጭ ነው። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ ሁለትና ሦስት ኪሎ ዋት ሙቀት ይገኛል። ኒሳን ሊፍ በ2013 እ.ኤ.አ. ሞዴሉ ሂት ፓምፕ በመግጠም ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፤ ቴስላ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. በወጣው ሞዴል ዋይ ላይ ተጠቀመበት። ውጭው ከዜሮ በታች በጣም ሲወርድ የሂት ፓምፕ ብልጫ ይጠፋል፤ የአዲስ አበባ ብርድ ግን በትክክል ይህ መሣሪያ በደንብ የሚሠራበት ብርድ ነው።

ይህ ሲባል ግን አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ሂት ፓምፕ ላለው መኪና ብዙ ገንዘብ መጨመር አዋጭ ላይሆን ይችላል። ማሞቂያ የሚያስፈልገው ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ የሚቆጥበው ኃይል በዓመት ሲደመርም ትንሽ ነው። ለኦስሎ ነዋሪ መልሱ ሌላ ነው።

በበረዶ አገር የተለካው

የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር (ትሪፕል ኤ) በ2019 እ.ኤ.አ. አምስት የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ፈትኖ ውጤቱን አውጥቷል። በ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሚሄዱት ርቀት ጋር ሲነጻጸር፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ማሞቂያ በርቶ ርቀቱ በአማካይ 41 በመቶ ቀነሰ። በ35 ዲግሪ ሙቀት ማቀዝቀዣው በርቶ ደግሞ 17 በመቶ። ማሞቂያና ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ሲለካ ቅነሳው በብርዱ 12፣ በሙቀቱ 4 በመቶ ብቻ ነበር። ከዚህ የሚታየው አብዛኛው ኪሳራ የመጣው ከባትሪው መቀዝቀዝ ሳይሆን ሰውን ለማሞቅ ከወጣው ኃይል መሆኑ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ አንሥቶ ለአዲስ አበባ መስጠት ስሕተት ነው፤ በኢንተርኔት የሚዘዋወረው «ኤሲ ግማሹን ይበላል» የሚለው ወሬም ከዚህ ዓይነት የሌላ አገር ቁጥር የመጣ ይመስላል። ከተማዋ በአማካይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀን ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይደርሳል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ንጋት ላይ ደግሞ ከ10 በታች ይወርዳል። መኪና ውስጥ ለሰው የሚመቸው ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ማሽኑ የሚሸፍነው ልዩነት በንጋት 15 ዲግሪ ያህል፣ በቀን ደግሞ ፀሐይ ከምታመጣው በቀር ከምንም የማይቆጠር ነው።

ከፍታውም ያግዛል። በአዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። በሰዓት 200 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር ከ8 ወደ 23 ዲግሪ ለማሞቅ በባሕር ወለል አንድ ኪሎ ዋት ሙቀት ቢያስፈልግ፣ እዚህ በ0.8 ኪሎ ዋት ገደማ ይበቃል፤ የሚሞቀው አየር በክብደት ያነሰ ነውና። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ የሚገጥመው የአየር ግፊያም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የሚቆጠረው ሰዓት ነው

ጉዳዩን ለመረዳት ከሁሉ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው። ጎማውን ለማዞር የሚወጣው ኃይል በኪሎ ሜትር ይቆጠራል፤ ለኤሲና ለሂተር የሚወጣው ግን በሰዓት። መኪናው 5 ኪሎ ሜትር ሄደም 80 ኪሎ ሜትር ሄደም፣ አንድ ሰዓት የበራ ባለ አንድ ኪሎ ዋት ኤሲ የሚበላው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

ለምሳሌ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው፣ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚወስድ መኪና እንውሰድ። ኤሲ ሳይበራ 307 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። አሁን አንድ ኪሎ ዋት የሚወስድ ኤሲ ይብራ። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ 100 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ሰዓት ከሩብ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ኤሲው የሚጨምረው 1.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው፣ ርቀቱም ወደ 280 ይወርዳል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ኤሲው 3.3 ይጨምራል፣ ርቀቱ 245 ይሆናል። በመጨናነቅ ሰዓት በአማካይ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚያዘግም ከሆነ ግን ጭማሪው 6.7 ይደርስና ርቀቱ 203 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። ያው መኪና፣ ያው ኤሲ፣ ያው ቅዝቃዜ፤ በአንደኛው ቅነሳው 9 በመቶ፣ በሌላው 34 በመቶ። (ስሌቱን ለማቅለል የመንዳቱ ፍጆታ በሁሉም ፍጥነት እኩል ተወስዷል፤ በእውነቱ በፍጥነት ሲነዳ ይጨምራል።)

ይህን ወደ ኮልፌ እናምጣው። አንዲት ነዋሪ ከቤቷ እስከ ሥራ ቦታዋ 10 ኪሎ ሜትር መንገድ አላት እንበል። ለመንዳት 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃታል። በታኅሣሥ ጠዋት የፒቲሲ ማሞቂያዋ በ3 ኪሎ ዋት ለ10 ደቂቃ ከሠራ 0.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ነው። ከጉዞው አንጻር ሲታይ ብዙ ነው፤ ሲሶ ያህል ተጨምሯል። ከባትሪው አንጻር ግን 1.25 በመቶ ብቻ ነው። ማታ ቤቷ ቻርጅ ለምታደርግ ሰው ይህን ለመቆጠብ ብላ በብርድ መንቀጥቀጥ ከንቱ ነው።

ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚውለው ግን ሂሳቡ ይለያል። ለራይድ ወይም ለፈረስ የሚሠራ አሽከርካሪ በቀን 10 ሰዓት ኤሲውን ቢያበራና በአማካይ ግማሽ ኪሎ ዋት ብቻ ቢወስድበት እንኳ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሄድበታል። ይህ 38 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ደንበኛ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ቆሞ ደንበኛ ሲጠብቅ የሚባክን ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ሙሉ ሳይሞላ ለወጣ ሰው ደግሞ ያች ቁጥር ማታ ቤት በመግባትና ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋ በመንከራተት መካከል ያለች ልዩነት ልትሆን ትችላለች።

የዳሽቦርዱ ቁጥርም የራሱ ጠባይ አለው። ኤሲ ሲከፈት «የቀረው ርቀት» ወዲያው 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ያ ኃይል ወዲያው ጠፋ ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ «እንዲሁ ከቀጠለ» ብሎ የገመተው ነው፤ ሲጠፋ መልሶ ይወጣል። ከግምቱ ይልቅ የባትሪውን መቶኛ ማየት ይሻላል።

መስኮት መክፈትስ?

በከተማ ፍጥነት መስኮት መክፈት በርቀት ላይ የሚያመጣው ጉዳት ኢምንት ነው፤ በ20 ዲግሪ አየር ደግሞ ከኤሲ የማይተናነስ ቅዝቃዜ ይሰጣል። በፈጣን መንገድ፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ መኪናውን ወደ ኋላ ስለሚጎትት መስኮት ዘግቶ ኤሲን በትንሹ ማብራት ያዋጣል። ይህ የፊዚክሱ መልስ ነው። በታክሲ «ነፋስ ይመታኛል፣ ዝጉት» የሚሉ እናት ከኋላ ካሉ ግን የፊዚክሱ መልስ ቦታ የለውም።

ክረምትና የመስታወት ጭጋግ

በአዲስ አበባ ኤሲና ሂተርን አንድ ላይ የሚያሠራው ትልቁ ምክንያት ዝናብ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የመኪናው መስታወት ከውጭ ዝናብ ያቀዘቅዘዋል፤ ከውስጥ ደግሞ የተሳፋሪው ትንፋሽና እርጥብ ልብስ አየሩን በእንፋሎት ይሞላዋል። አንድ ሰው ተቀምጦ በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 40 ግራም ገደማ ውኃ ያወጣል፤ አምስት ሰው ሲሆን አንድ ብርጭቆ ውኃ በየሰዓቱ አየሩ ላይ ይጨመራል ማለት ነው። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ወደ ጠል ይለወጣል። ብዙ አሽከርካሪ በጨርቅ ወይም በመዳፉ ይጠርገዋል፣ ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

መፍትሔው አየሩን ማድረቅ ነው፤ የሚያደርቀውም ኤሲ ነው። አየሩ በኢቫፖሬተር ሲያልፍ ይቀዘቅዝና የያዘውን ውኃ እዚያው ይጥላል። ኤሲ በርቶ የቆመ መኪና ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ ይኸው ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው መኪናው ስለሚያፈስ አይደለም። የደረቀው አየር ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ ለመስታወቱም ለሰውም እንዲስማማ እንደገና ይሞቃል። ስለዚህ «የፊት መስታወት» የሚለው ምልክት ሲነካ በብዙ መኪናዎች ኮምፕረሰሩና ማሞቂያው በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፣ ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ ይነፋል። በአጭር ጊዜ የሚወስደው ኃይል ከተራ ኤሲ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ኃይል ለመቆጠብ ሲባል የውስጡን አየር ብቻ የሚያዞረውን ቁልፍ ተጭኖ መተው። ይህ በእርግጥ ቆጣቢ ነው፤ የሞቀው ወይም የቀዘቀዘው አየር አይባክንም። ነገር ግን እርጥበቱም አይወጣም። በዝናብ ቀን በሰዎች በተሞላ መኪና ይህን ማድረግ በጥቂት ደቂቃ መስታወቱን ያለብሰዋል፣ ከዚያም ለማጽዳት የሚወጣው ኃይል ከተቆጠበው ይበልጣል። በመጨናነቅ የጭስ ሽታ ሲመጣ ለጊዜው መዝጋት፣ በዝናብ ግን ከውጭ አየር ማስገባት ነው ደንቡ። የመስታወት ጉዳይ የቁጠባ ጉዳይ አይደለም፤ በዝናብ ሌሊት እግረኛ በመንገዱ ግራና ቀኝ በሚሄድበት ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለማትረፍ ሲባል በጭጋግ ውስጥ አይነዳም።

ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና

የደጋ ፀሐይ በሳሳ አየር ስለምታልፍ ታቃጥላለች። አየሩ 22 ዲግሪ ብቻ ቢሆንም መስታወቱ ብርሃኑን ያስገባል፣ መቀመጫውና ዳሽቦርዱ ይግላሉ፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በካሊፎርኒያ ተካሂዶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ውጭው 22 ዲግሪ በሆነበት ቀን የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት 47 ዲግሪ እንደሚደርስ አሳይቷል፤ አብዛኛው ጭማሪ የመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው፣ መስኮቱን በትንሹ ገርበብ ማድረግም ብዙ አልረዳም። 22 ዲግሪ የአዲስ አበባ ተራ ቀትር ነው። ስለዚህ ሕፃን «ብርድ ነው፣ ምንም አይለውም» ተብሎ በተቆለፈ መኪና ውስጥ የሚተው አይደለም፤ መኪናው በምንም ይሠራ በምን።

ለባትሪው ደግሞ ውጤቱ ይህ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከቆመ መኪና ኤሲን ወዲያው በሙሉ ኃይል ከማብራት በፊት በሮቹን ለአንድ ደቂቃ ከፍቶ የጋለውን አየር ማስወጣት የመጀመሪያውን ጫና በግልጽ ይቀንሰዋል። ከፊት መስታወት የሚዘረጋ ከለላ እና የዛፍ ጥላም እንደዚሁ። ቻርጅ ላይ እያለ መኪናውን ቀድሞ ማቀዝቀዝ ወይም ማሞቅ ሌላው መንገድ ነው፤ ኃይሉ ከባትሪ ሳይሆን ከግድግዳው ይመጣል። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪናዎች የስልክ መተግበሪያ እዚህ ላይሠራ ይችላል፤ የሰዓት ቀጠሮውን ከመኪናው ስክሪን ላይ መሙላት ግን ብዙውን ጊዜ ይቻላል። ቤት ውስጥ ባለ ተራ ሶኬት የሚመጣው 2 ወይም 3 ኪሎ ዋት ስለሆነ ማሞቂያው ከዚያ በላይ ከወሰደ ጎዶሎው ከባትሪ ይሞላል።

ከከተማ ሲወጣ፦ የጅማ መንገድ

ከአየር ጤና ተነሥቶ በሰበታ፣ በወሊሶና በወልቂጤ ወደ ጅማ የሚሄደው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ይጀምራል፣ ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ በረሃ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ወደ 1,800 ሜትር ይወጣል። ጠዋት ሹራብ ለብሶ የተነሣ መንገደኛ እኩለ ቀን ላይ ጊቤ ሲደርስ ኤሲ ይለምናል።

60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው፣ በ100 ኪሎ ሜትር 17 የሚወስድ መኪና በወረቀት 353 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይህ ለጅማ «ይበቃል» የሚባል፣ በተግባር ግን የማይታመን ርቀት ነው። በሙቁ ክፍል ኤሲው በ1.5 ኪሎ ዋት ለሁለት ሰዓት ቢሠራ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 17 ኪሎ ሜትር የሚሆን ይወስዳል። ከነተሳፋሪው 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪናን 700 ሜትር ሽቅብ ማውጣት ደግሞ ብክነቱ ሳይቆጠር 3.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ከዚህ ከፊሉን ይመልሳል፤ ኤሲው የበላውን ግን የሚመልስ የለም። ስለዚህ ለአገር አቋራጭ ጉዞ ኤሲን ማጥፋት ከመጨነቅ ይልቅ ፍጥነትን በ10 ኪሎ ሜትር መቀነስ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ለሾፌሩ በ35 ዲግሪ ሙቀት ላብ እያጠመቀው መንዳት የድካምና የእንቅልፍ በር ነው። ወልቂጤ ላይ ምሳ እየበሉ ቻርጅ የሚያደርጉበት ቦታ አስቀድሞ አረጋግጦ መነሣት ግን ግድ ነው።

ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ አፋር ወይም ወደ ጋምቤላ ለሚሠራ መኪና ነገሩ ይከፋል፤ እዚያ ኤሲው የሚያርፍበት ሰዓት ጥቂት ነው።

ባትሪውም ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል

በብዙ ዘመናዊ መኪናዎች ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ያው የኤሲ ጋዝ ነው። ሊቲየም ባትሪ በደንብ የሚሠራው ከ15 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ፈጣን ቻርጅ ሲደረግ ባትሪው ስለሚግል ኮምፕረሰሩ ሰው ሳይኖርም ሊነሣ ይችላል፤ ቻርጅ ላይ የቆመ መኪና ሲያጉረመርም የሚሰማው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ኤሲ አልጠቀምም» ብሎ ጋዙ ያለቀበትን መኪና ሳያስጠግኑ መንዳት አያዛልቅም፤ ኤሲው የተበላሸ መኪና በሙቅ ቦታ ቻርጅ የሚያደርግበት ፍጥነት ይቀንሳል፣ ዳገት ላይም ኃይሉን ሊያሳንስ ይችላል።

በኢትዮጵያ ከሚታዩት መኪናዎች ብዙዎቹ የያዙት ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለው ባትሪ ለሙቀት ቻይ ነው፤ ብርድን ግን ከሌላው ይበልጥ ይጠላል። ከዜሮ በታች ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል። ይህ ለአዲስ አበባ አያሰጋም። በታኅሣሥ ንጋት የሚታየው ፍሬን ሲያዝ የሚመለሰው ኃይል ትንሽ መቀነሱ ነው፣ ያም ባትሪው ሲሞቅ ይስተካከላል።

የፋብሪካው ቁጥር

ሻጭ የሚጠራው ርቀት ብዙ ጊዜ ሲኤልቲሲ በተባለው የቻይና መለኪያ የተለካ ነው። ለምሳሌ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ቢዋይዲ ሲጋል በዚህ መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር፣ 30.08 ያለው ደግሞ 305 ኪሎ ሜትር ተጽፎለታል። መለኪያው የሚካሄደው በለዘበ ሙቀት፣ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር በሚሆን አማካይ ፍጥነት ነው። የአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒም በ23 ዲግሪ፣ ኤሲ ጠፍቶ ይለካል። ሁለቱም ዳገት የላቸውም። ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር ሐሰት ባይሆንም መኪና ከመኪና ለማወዳደር እንጂ ጉዞ ለማቀድ የሚያገለግል አይደለም። ከተጻፈው ላይ ሩብ ቀንሶ ማሰብ ለከተማም ለአገር አቋራጭም ከችግር ያድናል።

ጥገና

የኤሌክትሪክ መኪና ኤሲ ከነዳጅ መኪና ኤሲ ጋር በመልክ ቢመሳሰልም በጋራዥ እንደ አንድ መታየት የለበትም። ወደ ኮምፕረሰሩ የሚሄዱት ብርቱካናማ ኬብሎች ከ300 ቮልት በላይ ሊሸከሙ ይችላሉ፤ ያለ ሥልጠናና ያለ መከላከያ የሚነካቸው ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው ጉዳይ ዘይት ነው። የኮምፕረሰሩ ሞተር ጋዙና ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ ስለሚሠራ ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆን አለበት፤ ለዚህ ብዙውን ጊዜ ፒኦኢ የተባለው ዓይነት ይታዘዛል። በነዳጅ መኪናዎች የተለመደው ፒኤጂ ዘይት ጋዝ በሚሞላበት ማሽን ቱቦ ውስጥ ቀርቶ ጥቂት እንኳ ቢገባ ኤሌክትሪኩ ማፍሰስ ይጀምራል፣ መኪናውም ስሕተቱን አይቶ ከናካቴው አልነሣም ሊል ይችላል። «ጋዝ ሙላልኝ» ከማለት በፊት ጋራዡ ለኤሌክትሪክ መኪና የተለየ ማሽን ወይም የታጠበ ቱቦ እንዳለው፣ የሚጨምረውም የዘይት ዓይነት በኮምፕረሰሩ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ጋር መመሳሰሉን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሌላ ያለው ቀላል ነው። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን ማራገቢያው በከንቱ ይደክማል፣ ቅዝቃዜውም አይወጣም፤ በበጋ አቧራ በሚነሣባቸው ያልተነጠፉ የሰፈር መንገዶች ለሚመላለስ መኪና በመመሪያው ከተጻፈው ጊዜ ቀድሞ መለወጥ ይኖርበታል። ከፊት ያለው ኮንደንሰርም በጭቃና በቅጠል ሲሸፈን ሙቀቱን መጣል ስለሚያቅተው ኮምፕረሰሩ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፤ ለስለስ ባለ ውኃ ማጠብ ይበቃዋል። መቀመጫው ማሞቂያ ካለው ደግሞ ከ50 እስከ 100 ዋት ብቻ ስለሚወስድ፣ ለብቻ ለሚነዳ ሰው በጠዋት ብርድ ሙሉውን መኪና ከማሞቅ ይሻላል።